አንድ ዓመት ቀድማ ትሂድ ወይስ ትቆይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ልጄ 15 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በግል ትምህርት ቤት፣ በአገራችን ሥርዓተ ትምህርት፣ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ልጆችን ኮሌጅ የሚያስገባ ፕሮግራም አለ። 11ኛን ጨርሳ እንድትገባ አስበን አመለከትን። እነሱ ግን ‹ዘንድሮውኑ ነሐሴ መግባት ትችላለች› ብለው ጻፉልን። ከፊል ስኮላርሺፕም ሰጥተዋታል። አባቷ ‹የመጣ ዕድል አይገፋም› ይላል። እናቴ ‹ገና ልጅ ናት፣ ማን ሊያያት ነው?› ትላለች። ልጅቷ ‹እሄዳለሁ› ብላናለች፤ ሁለት ሌሊት ግን ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ምን ይሻለናል?»

በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ይህን ሳልል ወደ ጭንቀቱ ብገባ ነውር ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርዎት። ፕሮግራሙ ቦታዋንና ስኮላርሺፗን ለሚቀጥለው ዓመት በጽሑፍ ከያዘላት፣ ትቆይ። አንይዝም ካሉ ደግሞ፣ ሄዳ ባይሆንላት በየት በኩል እንደምትመለስ በወረቀት እስክታውቁ ድረስ እሺ አትበሉ። ልጆችን ወደ ውጭ በመላክ ሥራ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሲሄዱ የተቸገሩ ብዙ አይቻለሁ። መመለሻ አጥተው የተቸገሩት ግን ይበልጥ ያሳዝኑኛል።

አብዛኛው ወላጅ የሚጨነቀው «ትችለዋለች ወይ?» በሚለው ነው። እሱ ተመልሷል። ውጤቷን አይተዋል፣ ጽሑፏን አንብበዋል። ልጅቷ ሰቃይ ናት፤ አለቀ። ዘመድ እየሰበሰቡ ይህንኑ መጠየቅ ይተው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ኮሌጅም ክፍያ የሚሰበስብ ቤት ነው፤ ነሐሴን ባዶ አልጋ ይዞ መግባት አይወድም። በሚቀጥለው ዓመት ልትመጣ ያሰበችን ልጅ «አሁኑኑ ነይ» ሲሉ ወደዋታል ማለት ነው። ጊዜው ለእሷ ይመች አይመች ግን እነሱ አያውቁም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቀድሞ ማለፍ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ «ደብል መታ» የሚባል ልጅ ነበር። እኔ ራሴ ከ3ኛ ወደ 5ኛ ክፍል ደብል መትቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ችግሩ ክፍልፋይ የሚማሩት 4ኛ ክፍል ላይ መሆኑ ነው። አስተማሪው አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ስንት ይሆናል ሲሉ፣ እጁን አውጥቶ በኩራት «ሁለት ሰባተኛ!» ያለው እኔ ነኝ። ያዳነኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ማታ ማታ ዳቦ እየቆረሰ አስተማረኝ፤ ዳቦውን ግን ራሱ ነበር የሚበላው።

ደብል የመታ ልጅ ክፍሉ ይቀየራል እንጂ ቤቱ አይቀየርም። ቀዳዳው የሚደፈነው ማታ፣ ቤት ውስጥ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን ክፍሉንም፣ ቤቱንም፣ ቋንቋውንም በአንድ ሳምንት ልትቀይር ነው። ለዚህ ነው «እኔም እኮ በልጅነቴ ደብል መትቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለውን አጎት በጥንቃቄ መስማት ያለባችሁ።

ከቤታችሁ ብዙ የማይርቅ ታሪክም አለ። በንጉሡ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ሥር የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዞች 12ኛ ክፍልን እዚያ እየተማሩ ለዩኒቨርሲቲ ይዘጋጁ ነበር። ከሩቅ የመጣው ልጅ በአንዴ ከትልልቆች መሃል አልተወረወረም። እንደሱው ከአገር ቤት ከመጡ እኩዮቹ ጋር አንድ ዓመት ያገኝ ነበር። መሸጋገሪያ ነበረው።

አሜሪካኖቹም በራሳቸው መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። ሳይመንስ ሮክ የሚባለው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲከፈት 10ኛን ወይም 11ኛን የጨረሱ ልጆችን ብቻ ሰብስቦ ነው። ሁሉም ልጅ ነው፤ ስለዚህ ማንም «ልጅቷ» አይባልም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1977 በጣም ትንንሽ ልጆችን መቀበል ጀመረ። ቆይቶ ግን የመሸጋገሪያ ትምህርት ቤት ጨመረበት፤ በቀጥታ ወደ ሌክቸር አዳራሽ መግባቱ ለአንዳንዶቹ ስለከበዳቸው ነው። በቴክሳስ ያለው የሒሳብና የሳይንስ አካዳሚ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ ልጆች ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይማራሉ፤ የሚያድሩት ግን በራሳቸው ዶርም፣ በራሳቸው ተቆጣጣሪ ሥር ነው። ሲጨርሱ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያገኛሉ።

ስለዚህ «ኮሌጅ ቀድሞ መግባት» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም ነገሩ አንድ አይደለም። የእናንተው የትኛው ዓይነት ነው? እኩዮቿ አሉ? ማታ ዶርም ውስጥ የሚቆጥራቸው ሰው አለ? ወይስ 15 ዓመት የሆናትን ልጅ ከ20 ዓመት ጎረምሳ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ያሳድራሉ? ይህን ሳያውቁ «ልላካት ወይ?» ማለት፣ መኪናውን ሳያዩ ዋጋ እንደመከራከር ነው።

ስለ ጥናቶቹ ባጭሩ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጁሊያን ስታንሊ የሚባሉ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሒሳብ የላቁ ልጆችን መከታተል ጀመሩ። ክትትሉ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ቀድመው የገቡ ልጆች ብዙ ሰው እንደሚፈራው አልተበላሹም። በአማካይ ደህና ናቸው። ይህን ለእናትዎ ይንገሩልኝ። ለአባቷ ደግሞ የሚነገር አለ። እነዚያ ልጆች በብዛት በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው የተማሩ ናቸው። ውቅያኖስ ስለተሻገረች የአራት ኪሎ ልጅ ያንን ያህል አይነግሩንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወረቀቱ።

ድሮ 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ብሔራዊ ፈተና ይቀመጥ ነበር። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በእጁ አገር የሚያውቀው ወረቀት ይዞ ይወጣል። ያ ፈተና ቀርቷል። ዛሬ ሚኒስትሪ ከሚባለው የ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ የሚመጣው ትልቅ ፈተና የ12ኛው ነው። ይህ ማለት ልጅዎ ዘንድሮ ብትሄድ፣ በኢትዮጵያ ዓይን ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰች ልጅ ናት። በእጇ ያለው የትምህርት ቤቷ ትራንስክሪፕት ብቻ ነው።

ታዲያ እዚያ ምን ይሰጧታል? አንዳንዱ ፕሮግራም የኮሌጅ ክሬዲቱን እየቆጠረ ጎን ለጎን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ይሰጣል። አንዳንዱ አይሰጥም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጥና ያበቃል። አራቱን ዓመት እዚያው ከጨረሰች ልዩነቱ ብዙም ላይታይ ይችላል። መሃል ላይ ከወጣች ግን ሰማይና ምድር ነው። ዲፕሎማ የሌላት፣ 12ኛን ያልተፈተነች፣ ግን ደግሞ 30 የኮሌጅ ክሬዲት የያዘች የ16 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እዚህ አገር የውጭ የትምህርት ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከመሄዷ በፊት እዚያ ሄዳችሁ «እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ብትመጣ እንደ ምን ይቆጠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሰፈር ወሬ ሳይሆን የቢሮው ሰው ይስጣችሁ።

ሌላው ወጥመድ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ነው። ብዙ ቤተሰብ በልቡ የሚያስበው «ሁለት ዓመት እዚህ ትማርና ከዚያ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች» ነው። ይህን ስሰማ ጭንቅላቴን እይዛለሁ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካችን በሁለት መስኮት ይቀበላሉ፤ አንደኛ ዓመት የሚጀምርና ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር። ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ገንዘብ ያለው በመጀመሪያው መስኮት ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. አንደኛ ዓመት የሚገባን ልጅ ሲመርጡ የቤተሰቡን ኪስ አያዩም፤ የጎደለውንም ይሞላሉ። ከዚህ አገር በነጻ የሄዱት ልጆች በብዛት በዚያ መስኮት ነው የገቡት። በዝውውር መስኮት ግን ቦታውም ጥቂት ነው፣ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍም ይሳሳል። ልጅዎ ቀድማ ኮሌጅ ስትገባ በየትኛው መስኮት ትቆጠራለች? አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ ከማግኘትዎ በፊት የተማሩት ክሬዲት አይቆጠርብዎትም ይላል፤ አንዳንዱ ይቆጥራል። የምትመኘውን ሦስት አራት ዩኒቨርሲቲ ትምረጥና ለያንዳንዱ ኢሜይል ትጻፍ። ለዚህ አማካሪ መክፈል አያስፈልግም፤ እኔም ይህን ስል ከራሴ ኪስ እየቀነስኩ ነው።

ውጤት የማይፋቅ መሆኑም አለ። 11ኛ ክፍል ላይ ያመጣችው 68 ከሁለት ዓመት በኋላ ተረት ነው። በ15 ዓመቷ ኮሌጅ ያመጣችው ሲ ግን ማስተርስ ስታመለክትም ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ለአባቷ አንድ ጥሩ ክርክር ልስጥ፤ ሐቅ ነውና። ቀድማ የምትሄድ ልጅ ትርፍ ጊዜ አላት። አንድ ሴሚስተር ሞክራ ባይሆንላትና ብትመለስ፣ 11ኛ ክፍል ብትገባ ከእኩዮቿ ብዙ አትርቅም። በ18 ዓመቷ ሄዳ ብትመለስ የሚያስከፍላትን ያህል አያስከፍላትም። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ግን የሚሠራው በሁለት ነገር ነው። አሁን ያለችበት ትምህርት ቤት «ብትመለስ 11ኛ እንቀበላታለን» ብሎ ደብዳቤ ከጻፈላችሁና፣ እናንተም መመለሷን እንደ ውርደት ካልቆጠራችሁት። ሁለተኛው ይከብዳል። ቦሌ ሃምሳ ሰው አጅቦ የሸኛት ልጅ በጥር ልመለስ ማለት ያሳፍራታል። ስለዚህ ከሄደች ሽኝቱ ይቀንስ። እውነቴን ነው፤ በግ አትረዱ።

ገንዘቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቁጥሩን ስላልነገሩኝ። ከፊል ስኮላርሺፑ ለስንት ዓመት ነው? ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር እሱም ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል? ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው በዋናነት የመጀመሪያውን ዓመት መክፈል መቻላችሁን ነው። ኤምባሲው አንድ ዓመት ስላየ እናንተም አንድ ዓመት ብቻ አትዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የነበረባቸው ወላጆች ቢሮዬ መጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በብር የሚያገኝ ቤተሰብ በዶላር ሲፈራረም፣ ሒሳቡን በዛሬው ምንዛሪ አይሠራም።

አሁን ወደ ልጅቷ።

በሌሊት ማልቀሷን እንደ መልስ አይቁጠሩት። መሄድ የምትፈልግም ልጅ ታለቅሳለች። የማልወደው ለእናንተ ሳትነግር ማልቀሷን ነው። ብዙ ጊዜ ሰቃይ ልጆች አንድ ጉድለት አላቸው፤ እርዳታ መጠየቅ አያውቁም። ከየት ይማሩት? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን የሚልከው እሷ ጋ ነው።

አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ስሟንም ኮሌጁንም ልተወው። በ16 ዓመቷ ሄደች። ከክፍሏ ሁሌ አንደኛ ነበረች። የመጀመሪያው ወር ላይ ኬሚስትሪ አቃታት። አስተማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮው ተቀምጦ ተማሪ ይጠብቅ ነበር። አልሄደችም፤ መሄድ ሽንፈት መሰላት። ለቤተሰቧ «ደህና ነው» ትላለች። እንደ ለመደችው ሌሊቱን ትቸክላለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዋርኒንግ ገባች። እናቷ ያወቀችው በሚያዝያ ነው። ልጅቷ አሁን ደህና ናት፤ በሌላ መንገድ ተመርቃለች። ግን ያንን ዓመት እስከዛሬ አታወራም። እኔም የምወቀስበት አለ፤ ውጤቷን አይቼ ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀድሞ መሄድ የሚፈልግ ልጅ ሲመጣ ውጤቱን መጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ የምጠይቀው «ለመጨረሻ ጊዜ አልገባኝም ብለሽ ሰው የጠየቅሽው መቼ ነው?» የሚል ነው። ወዲያው የምትመልስ ልጅ ብዙም አታሰጋኝም። ጣሪያ ጣሪያ የምታይ ልጅ ታሰጋኛለች። ዛሬ ማታ ይጠይቋት። በጥያቄ ብቻም አይወሰኑ። ክረምቱን ሌላ ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ሳምንት ትቆይ፤ እናት በቀን አምስቴ ሳትደውል። ሲያማት ራሷ ክሊኒክ ሄዳ ካርድ ታውጣ። ባንክ ሄዳ ወረፋ ትጠብቅ። ልብሷን ትጠብ። ቀላል ነገር ይመስላል። ዶርም ውስጥ ልጅን የሚጥለው ግን ካልኩለስ ብቻ አይደለም፤ ጉንፋን፣ ያልታጠበ ልብስና የተረሳ ቀጠሮ አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ርቀቱንም በሰዓት አስቡት። በክረምታቸው ከኒው ዮርክ በስምንት ሰዓት እንቀድማለን። እሷ ማታ 2 ሰዓት ላይ ክፍሏ ገብታ ሆዷ ሲባባ፣ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ማን ያነሳል? ትምህርቱ የሚጀምረው ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት እንቁጣጣሽ ይደርሳል። ከልምዴ የመጀመሪያው ናፍቆት ያን ቀን ይመጣል፤ አበባየሆሽ በስልክ ሲሰማ። በኅዳርና በታኅሣሥ ዕረፍት ብዙ ኮሌጆች ዶርም ይዘጋሉ። የት ትሄዳለች? ሜሪላንድ አክስት ካለች እሰየው፤ ግን አክስትየዋን አሁን ጠይቋት። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከተሰጣት ደግሞ ለገና ወደ አዲስ አበባ መጥታ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ አለባት። እናትና አባት «በየዕረፍቱ ትመጣለች» እያሉ ሲያጽናኑ እሰማለሁ። ላትመጣ ትችላለች።

የውጭ ተማሪ መሆኗ ሌላም ነገር አለው። እዚያው ተወልዶ በ15 ዓመቱ ኮሌጅ የገባ ልጅ ትምህርቱ ሲከብደው አንዱን ኮርስ ድሮፕ ያደርጋል፤ ይቀለዋል። በተማሪ ቪዛ ያለች ልጅ ግን በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባት። ከዚያ በታች ለመውረድ አስቀድማ የግቢውን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ማስፈቀድ አለባት። ሳታስፈቅድ ብትጥለው ቪዛዋ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ማለትም ለሌላው ልጅ የተተወለት የመተንፈሻ ቀዳዳ ለእሷ ጠባብ ነው። 18 ስላልሞላትም ሆስፒታል ሲያስፈልግ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ከሄደች፣ እዚያ ለሚኖር የምታምኑት ሰው ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ጨርሳችሁ ላኩ። ይህን «ኋላ እናደርሳለን» አትበሉ።

ትቆይ ስል ግን 11ኛን ቁጭ ብላ ትጠብቅ ማለቴ አይደለም። አባቷ የሚፈራው ይህን ይመስለኛል፤ ልክ ነው። የተሰላቸ ጎበዝ ልጅ ይበላሻል።

ቴረንስ ታኦ የሚባል የሒሳብ ሊቅ አለ፤ አውስትራሊያ አደሌድ ውስጥ ያደገ። ገና በሕፃንነቱ ነው ጉድ የተባለው። ወላጆቹ በአንዴ ዩኒቨርሲቲ አልከተቱትም። ለዓመታት በአንዱ ትምህርት ከትልልቆች፣ በሌላው ከትንንሾች ጋር እየተማረ ቆየ፤ ለሒሳብ ዩኒቨርሲቲ እየሄደ ለሌላው ሁለተኛ ደረጃ ይመላለስ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ16 ዓመቱ ጨረሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሒሳብ ውስጥ ትልቁን የፊልድስ ሜዳሊያ ተሸለመ። ወላጆቹ አላዘገዩትም፣ አላቻኮሉትምም። የቸኮለውን ጎን ብቻ አስቸኮሉት።

ለልጅዎ የቸኮለው ጎን የትኛው ነው? ሒሳብ ከሆነ ካልኩለስን በኢንተርኔት ኮርስ ትጀምር። ግን ልንገርዎት፤ ከዚህ የሚሄዱ ልጆችን መጀመሪያ የሚመታቸው ሒሳብ አይደለም። ንባብና ንግግር ነው። በሳምንት መቶ ገጽ ይሰጣቸዋል። ከዚያ 12 ሆነው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አስተማሪውም ዝም ይላል። እኛ ጋ አስተማሪ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እንዲያውም እናመሰግናታለን። እዚያ ዝም ያለች ልጅ ነጥብ ይቀነስባታል፤ አላነበበችም ይባላል። «ፕሮፌሰር፣ እኔ በዚህ አልስማማም» ማለት መቻል በአንድ ቀን አይመጣም። ይህ ነው ዓመቱ የሚያስፈልግበት ምክንያት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትሂድ፤ ከቤታችሁ ቅርብ ነው፣ ቦታ ለመያዝ ግን ማልዳ መነሳት አለባት። አንድ ረጅም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ታንብብ፣ ሁለት ገጽ የራሷን ሐሳብ ትጻፍ። ማጠቃለያ አይደለም፤ የት ጋ እንደማትስማማ። ሦስት አራት ጓደኛ ካገኘች ደግሞ ይከራከሩበት። ከክርክሩ በኋላ ፒያሳ ወርደው ኬክ ቢበሉ አትቆጧቸው። እሱም ከሥርዓተ ትምህርቱ ነው። ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናም በዚሁ ዓመት ትውሰድ፤ የአንደኛ ዓመት መስኮት እንዳይዘጋባት። እንዲህ ያለፈ 11ኛ ክፍል የባከነ አይባልም። ምናልባት ዓመቱ ሲያልቅ ጭራሽ «12ኛንም ጨርሼ በሙሉ ስኮላርሺፕ ላመልክት» ልትልም ትችላለች። አይቻለሁ።

የ12ኛው ፈተና ያስፈራችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል፤ ያም ቢሆን ከመቶ ዘጠኝ አይሞላም። ግን ይህ ቁጥር ስለ አገሩ ትምህርት ነው የሚያወራው። እናንተ እያሰባችሁላት ያለችው ልጅ እዚያ ውስጥ ከወደ ላይ የምትገኝ ናት። ከፈተና ለማምለጥ ብላችሁ ብቻ አትላኳት።

«ቆዩ» ብዬ ግን ሁሉንም አላስቆምም። ፕሮግራሙ እኩዮቿ ያሉበት ከሆነ፣ ዲፕሎማ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስኮላርሺፑ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ከሆነ፣ ዕረፍት የምታሳልፍበት ቤት ካለ፣ እሷም እርዳታ የምትጠይቅ ልጅ ከሆነች፣ ትሂድ። አያቷንም እኔ መጥቼ አስረዳለሁ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ይታለፋል። ሁለት ሲጎድል ግን ዓመቱን ግዙ።

ነገ የሚሠራው ሥራ አንድ ኢሜይል ነው። ቦታዋንና ስኮላርሺፗን ለሚቀጥለው ነሐሴ ይይዙላት እንደሆነ ይጠየቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ኮሌጆች የለመዱት ነገር ነው። «ጠየቀች ብለው ይሰርዟታል» የሚለውን ወሬ እሰማለሁ፤ እኔ በጠየቅኳቸው ጊዜያት አልገጠመኝም። በዚያው ኢሜይል ስለ ዲፕሎማው፣ ዶርሙን ማን እንደሚቆጣጠር፣ በዕረፍት ክፍት መሆኑን፣ ካለፈው ዓመት ገቢዎች ስንቶቹ ወደ ሁለተኛው ዓመት እንዳለፉ ይጠየቅ። የመጨረሻውን ጥያቄ የሚያድበሰብስ ፕሮግራም አልወድም። ፕሮግራሙ ራሱ ለሚቀጥሉት አራት ዓመታት የት እንደሚሆንም ጠይቁ። ቅድም ያነሳሁት ሳይመንስ ሮክ እንኳን ከስድስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 ከማሳቹሴትስ ግቢው ወጥቶ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሯል።

ኢሜይሉን ልጅቷ ትጻፈው። አባቷም እርስዎም አትንኩት፤ ስሕተት ቢኖርበትም። እኔ ጋም ለእርማት አትላኩት። ከመላኳ በፊት አንዴ ብቻ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። «ይህን ዓመት የምፈልገው ለዚህ ነው» ብላ የምትጽፋት አንዲት መስመር ትኖራለች፤ እስከዛሬ በሌሊት ያለቀሰችበትን ነገር እዚያ መስመር ላይ ትሰሟት ይሆናል። መልሳቸው ሲመጣ ላኩልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።